በክርክሩ መሀል የተጠራው ስም

አዳማ ውስጥ፣ በጅቡቲ መንገድ፣ ከባድ መኪኖች ተሰልፈው ከሚያድሩበት አለፍ ብሎ አንድ ጎሚስታ አለ። ያረጁ ጎማዎችን እንደ አጥር ደራርቦ፣ በነሱ ጥላ ሥር ተቀምጦ ጎማ የሚለጥፈው ሰውዬ አባቴ ነው፤ አቶ ቶላ። እኔ ሁለተኛ ልጁ ነኝ፤ ፌቨን እባላለሁ። ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የምነግራችሁ ግን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ በአንድ ቅዳሜ የደረሰብንን ነው። ሰሞኑን በግቢያችን ውስጥ የወታደር ምልመላ ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ የሚል ክርክር ተነስቶ የዶርም ጓደኞቼ በነጋ በጠባ ባይሟገቱበት ኖሮ ምናልባት እስከ ዛሬም አልናገረውም ነበር።

በዚያን ጊዜ ክርክር የምወድ ልጅ ነበርኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ማይክ ስይዝ ከቁመቴ የምረዝም ይመስለኝ ነበር። እናቴ አበራሽ ትልቅ ሆቴል ውስጥ በላውንደሪ ትሠራለች፤ ቀኑን ሙሉ የእንግዳ አንሶላ ስታጥብና ስታጥፍ ትውልና ማታ ቤት ስትገባ፣ "ዛሬ ደግሞ ማንን ረታሽ?" ትለኝ ነበር እየሳቀች።

አንድ ታላቅ ወንድም ነበረኝ። ሚኪያስ። እኔ በምማርበት ትምህርት ቤት ነው የተማረው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወሰደ፤ ውጤት አልመጣለትም። ጥቂት ወራት ከአባዬ ጋር ጎማ ሲፈታ ቆየና አንድ ማታ ራት ላይ፣ "ልዘምት ተመዝግቤያለሁ" አለን።

እናቴ የጎረሰችውን መዋጥ አቃታት። "እኔን ሳትቀብር?" አለችው።

"እማዬ ደግሞ! ማን ቀባሪ ማን ተቀባሪ እንደሆነ ማን ያውቃል?"

"ሥራው አንሶህ ነው?" አለ አባዬ። "ሱቁን ላንተ እለቅልሃለሁ እኮ።"

"ሥራውስ አላነሰኝም አባዬ። ግን አገር ሰው ፈልጋ እየተጣራች እኔ ቁጭ ብዬ ጎማ ልንፋ?"

ሚኪ በሄደበት ጠዋት አባዬ አንገቱን አቅፎ ግንባሩን ሳመውና በልጅነታችን ስንታመም ብቻ በሚያወራን ቋንቋ፣ በኦሮምኛ፣ "ነጋን ዴቢኢ" አለው። በሰላም ተመለስ ማለቱ ነው።

ከማሠልጠኛ ይደውል ነበር። ከግንባርም አልፎ አልፎ ይደውል ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ሲደውል እኔን ጠይቆ፣ "አንቺ አጥኚ፤ እኔን አትዪ" አለኝ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ተዘጋ። ጦርነቱ ቆመ ተባለ። ከሰፈራችን ልጆች የተመለሱ አሉ፤ መርዶ የመጣባቸው ቤቶችም አሉ፤ በየመንደሩ ድንኳን ሲተከል አይተናል። ወደ እኛ ቤት ግን እሱም አልመጣ፣ መርዶውም አልመጣ። አባዬ፣ "መርዶ እስካልመጣ ድረስ ልጄ አለ" ይል ነበር። እናቴ ደግሞ ከሥራ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ "ስልክ ተደውሎ ነበር?" ትላለች፤ ያቺን ብቻ።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው የክርክሩ ነገር የመጣው። ሞንታርቦ የጫነች መኪና በትምህርት ቤታችን በር ላይ እየቆመች ወጣቶችን መቀስቀስ ጀመረች። ቀጥሎም መልማዮቹ ግቢ ገብተን፣ ተማሪዎቹን ሰብስበን እናነጋግር ብለው ጠየቁ። ወላጆች ለሁለት ተከፈሉ። ልጆች ከመንገድ ላይ ይታፈሳሉ እየተባለ የሚወራበት ጊዜ ስለነበር፣ አንዳንዷ እናት ልጇን እስከ ክፍል በር ድረስ ትሸኝ ነበር። ርዕሰ መምህራችን ብልህ ሰው ናቸው። "የወላጅ ኮሚቴው ከመወሰኑ በፊት ተማሪዎቹ ራሳቸው ይከራከሩበት፣ ወላጅም መጥቶ ይስማ፤ ከመልማዮቹም አንድ ሰው ይጋበዝ" አሉ።

የክርክር ክበቡ ዕጣ አወጣ። እኔ "ይፈቀድ" ደረሰኝ። የልብ ጓደኛዬ ሰሚራ "አይፈቀድ" ደረሳት። ዕጣ ባይወጣም እኔ የምመርጠው ያንኑ ነበር። ወንድሜ ወታደር ነዋ!

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ሙቀቱ አይጣል ነው፤ መስኮቶቹ ሁሉ ተከፍተው ነፋሱ አቧራ ብቻ ነው የሚያስገባው። አባዬ ሱቁን ዘግቶ መጣ። የሠርግ ኮቱን ለብሶ፣ ጥፍሮቹን በብሩሽ ፈትጎ፣ ከፊት በሦስተኛው ረድፍ ተቀመጠ። እናቴ ተረኛ ስለነበረች አልመጣችም።

ሰሚራ ጀመረች። "እኛ እዚህ የመጣነው ገና ልንማር ነው" አለች። "ነገ ምን ለብሼ ልሂድ ብዬ እናቴን የምጠይቅ ልጅ፣ ሞትና ሕይወትን በአንድ የእረፍት ሰዓት ልወስን? ደግሞስ ልጠይቃችሁ፤ ይቺ ሞንታርቦ የሀብታም ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት በር ላይ ቆማ ያያችኋት አለ? ፈተና የወደቀ የድሃ ልጅ ሌላ በር ስለተዘጋበት የሚገባበትን በር፣ 'ወዶ ነው የገባው' አትበሉኝ።"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም በልቤ አጨበጨብኩላት።

ከዚያ ማይኩን ተቀበልኩ። "ሰሚራ እውነት ተናግራለች" ብዬ ጀመርኩ። "ግን በሩን ብንዘጋው ልጆቹ መሄዳቸው ይቀራል? አይቀርም። ከበር ውጭ ብቻቸውን ሆነው ከሚባበሉ፣ እዚህ ወላጅና መምህር ባለበት ይነገራቸው። እንጠይቅ፤ ይመልሱልን። አገር ጠባቂ ያስፈልጋታል ካልን ደግሞ፣ ጠባቂው የጎረቤት ልጅ ይሁን፣ የእኔ አይሁን ማለት አንችልም። የእኔ ወንድም ከዚህ ግቢ ወጥቶ ነው የሄደው። አላፍርበትም፤ እኮራበታለሁ። በሰላም ሲመለስ እዚሁ መድረክ ላይ ቆሞ እንዲያጫውታችሁ አደርጋለሁ።"

አባዬ ሲያጨበጭብ አየሁት። አባቴ ጭብጨባ የማያውቅ ሰው ነው፤ እነዚያን ወፋፍራም እጆቹን ሲያጋጫቸው እንደ ሕፃን ነበር።

ቀጥሎ እንግዳው ተጠራ። ሃምሳ አለቃ ጌትነት ይባላል፤ የወልቂጤ ልጅ ነው። ትልቅ ሰው ስንጠብቅ በዕድሜ ከእኛ ብዙም የማይርቅ ወጣት ብቅ አለ። ዩኒፎርሙ በጥንቃቄ ተተኩሷል። በግራ እግሩ ያነክሳል፤ መድረኩ ላይ ለመውጣት የጠረጴዛውን ጫፍ ያዘ፤ ሌላ ማይክ ሰጡት።

"እኔ ንግግር አላውቅም" አለ። "የመጣሁት ልመለምል ነው፤ አልዋሻችሁም። ግን ሁለቱን ልጆች ስሰማ፣ ይዤው የመጣሁት ነገር ሁሉ ጠፋብኝ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።" ወደ እኔ ዞረ። "እህቴ፣ ወንድምሽን እግዚአብሔር ይጠብቅልሽ።"

"አሜን" አልኩት፤ ከልቤ።

"እኔም ከዚሁ ትምህርት ቤት የወጣ ጓደኛ ነበረኝ። ዛሬ በሩን ስገባ ያሰብኩት እሱን ነው። 'ቲቸር' ነበር የምንለው። መካከላችን ስሙን መጻፍ የማይችል አንድ ልጅ ነበር፤ ድንጋይ ላይ በከሰል እየጻፈ ፊደል አስቆጠረው። ተረት ሲያወራን ደግሞ ሳይጨርሰው ራሱ ይስቃል። ሳቁን ተከትለን እንስቃለን እንጂ የተረቱን መጨረሻ አንድም ቀን አልሰማንም።"

አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሚኪም እንዲሁ ነው ብዬ አሰብኩ። አሰብኩና ደግሞ፣ ሳይጨርስ የሚስቅ ሰው ሞልቷል፣ አልኩ።

"አንድ ጨዋታ ነበረው" ብሎ ቀጠለ ሃምሳ አለቃው። "ከባድ መኪና ከሩቅ ሲመጣ ዓይኑን ይጨፍንና ድምፁን ያዳምጣል። 'የኋላ ቀኙ አየር አንሶታል' ይለናል። መኪናው ሲደርስ ሄደን እናያለን። እንደተናገረው ነው። አባቱ ጎሚስታ ስለሆነ ከልጅነቱ ጀምሮ ያስተማረው እሱ ነው።"

ያንን ጨዋታ አውቀዋለሁ። እኔና ሚኪ በጎማዎቹ ጥላ ሥር ተቀምጠን አባዬ ዓይናችንን በመዳፉ ሸፍኖ ያጫወተን ጨዋታ ነው።

አባቴን ለማየት ፈራሁ። ከዚያ አየሁት። ተደግፎ የነበረው ሰው ወደ ፊት ተስቦ፣ ከፊቱ ያለውን አግዳሚ ወንበር በሁለት እጁ ይዟል። በውስጤ፣ አዳማ ውስጥ ስንት ጎሚስታ አለ፣ ስንቱስ ወንድ ልጅ አለው እላለሁ።

ሃምሳ አለቃው ወደ ታች እያየ ነው የሚያወራው። "ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑ አይደለም" አለ። "ደመወዙን፣ ልብሱን፣ ክብሩን ብቻ ነግሬያችሁ ብሄድ ሌባ ነኝ። አንድ ጠዋት እኔ እዚህች እግሬ ላይ ተመታሁ። ሌሎቹ አልፈው ነበር፤ ቲቸር ነው የተመለሰልኝ። ብብቴ ሥር ይዞ፣ እየጎተተ፣ ገደል ሥር አሳረፈኝ። 'አይዞህ፣ ጎማህ ነው የተነፈሰው' አለኝና ሳቀ። ውሃ ላምጣልህ ብሎ ቀና ሲል ነው…"

አልጨረሰውም።

የእኔ ማይክ አሁንም በእጄ ነበር። ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ አላውቅም፤ አፌ አጠገብ አገኘሁት።

"ስሙ…" አልኩ። ድምፄ በሞንታርቦው ውስጥ ተመልሶ ሲመጣ የሌላ ሰው ነበር። "ስሙ ማን ነበር?"

የክርክሩ ጥያቄ መሰለው መሰለኝ፣ በትሕትና ወደ እኔ ዞሮ፣ "ሚኪያስ" አለ።

ሚኪያስ የሚባል ስንት አለ! ይሄንንም አሰብኩ። አምላኬ፣ ሰው ሊሰምጥ ሲል የማይጨብጠው ምን አለ!

ከዚያ ከታች፣ ማይክ ያልያዘ፣ ደረቅ ድምፅ መጣ። "የአባቱስ? የአባቱ ስም ማን ይባላል?"

ሃምሳ አለቃው የጠየቀውን ሰው በዓይኑ ፈለገ። "ቶላ" አለ። "ሚኪያስ ቶላ።"

"አቤት" አለ አባቴ።

እንዲሁ ነው ያለው። ሰው ሲጠራው አቤት እንደሚል። ከዚያ ብድግ ብሎ ቆመና፣ የሚቆምበት ምክንያት የጠፋበት ይመስል መልሶ ተቀመጠ።

ሃምሳ አለቃው መጀመሪያ አልገባውም። አንዴ አባቴን፣ አንዴ እኔን አየ። እኔ መድረኩ ላይ ማይኩን እንደያዝኩ ስጮህ፣ ጩኸቴ በሞንታርቦው ግቢውን ሁሉ ሲሞላው ነው የገባው። ሰሚራ ጠረጴዛውን ዞራ መጥታ ማይኩን ከእጄ ነጠቀችና ጭንቅላቴን ደረቷ ውስጥ ሸጎጠችው። በትከሻዋ በኩል ሃምሳ አለቃው እያነከሰ ሲወርድ፣ አባቴ እግር ላይ ሲደፋ አየሁ።

"የሰማችሁ መስሎኝ ነው አባቴ!" ይላል። "የተነገራችሁ መስሎኝ ነው! ባውቅ በማይክ እናገራለሁ? ባውቅ እንዲህ አደርጋለሁ?"

አባዬ ጎንበስ ብሎ ክንዱን ያዘው። "ተነስ ልጄ" አለው። "ተነስ። እግርህን ያምሃል።"

ርዕሰ መምህሩ ቢሯቸው አስገቡን። አባዬ አላለቀሰም። ጥያቄ ብቻ ነበረው፤ ቀስ እያለ አንድ በአንድ ጠየቀ። ተሠቃየ ወይ? አልተሠቃየም። ቀበራችሁት? ጓዶቼ ቀበሩት፤ ከዳንኩ በኋላ ሄጄ አይቼዋለሁ። ቦታውን ታውቀዋለህ? ዓይኔን ጨፍኜ እወስድዎታለሁ። ከዚያ አባዬ፣ "እናቱ አልሰማችም" አለ።

ይሄን ጊዜ ሁላችንም አንድ ነገር ታሰበን። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ወጥቷል። ግማሹ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ነው የወጣው። አዳማ ደግሞ እንዲህ ያለውን ወሬ ለማዳረስ ጊዜ የማይፈጅባት ከተማ ናት።

የእኛን ወግ ታውቃላችሁ። መርዶ በጠዋት ነው የሚነገረው። ዘመድ ተጠርቶ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ አንጀትን የሚይዙ ሴቶች ግራና ቀኝ ተቀምጠው። እናት እንዲሁ ከመንገድ ላይ አትሰማም። አባዬ ደራ ከተማ ላሉት አጎቶቼ ደወለ። "ዛሬውኑ ኑ" ብቻ አላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"ፌቨንን አሟታል እንላታለን። ከሥራ እናስወጣትና ቤት እናቆያታለን። እስኪነጋ ፊትሽን ታስችይዋለሽ?"

"እችላለሁ አባዬ" አልኩት። የቻልኩ መስሎኝ ነበር።

ሃምሳ አለቃው፣ "ብቻዎትን አልለቅዎትም" ብሎ ድርቅ አለ። አባዬ ሊከለክለው ሞክሮ አቃተው። በአንድ ባጃጅ ሦስታችንም ተሳፈርን። ባጃጁ ውስጥ ዘፈን ተከፍቶ ነበር፤ ሹፌሩ በመስታወቱ አየንና ራሱ አጠፋው። የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ማንም ሳይቀድመን እንድንደርስ።

የሆቴሉ የሠራተኞች መግቢያ ከኋላ ነው። ከበሩ ገባ እንዳሉ አንሶላ የሚሰጣበት ሰፊ ግቢ አለ። አባዬ ሃምሳ አለቃውን፣ "አንተ እዚሁ ባጃጁ ውስጥ ቆይ። ይህን ልብስ ካየች እንደብቃታለን ያልነው ሁሉ ይበላሻል" አለው። እሱም እሺ አለ። እኛ ገብተን አንዲት የሥራ ባልደረባዋን አበራሽን ጥሪልን አልናት። ልጅቱ ፈገግ ብላ ሄደች። ፈገግታዋን ሳይ ተመስገን አልኩ፤ ወሬው አልደረሰም።

በዚያው ቅጽበት የሆቴሉ የልብስ መኪና ከውጭ ክላክስ አደረገች። ባጃጁ በሩን ዘግቶባት ነበርና ሹፌሩ ሊያዞር ሲል፣ ያቺ ጠባብ ቦታ ለታመመ እግሩ አልመች ስላለችው ሃምሳ አለቃው ወረደ። ወርዶ ከመኪናዋ መንገድ ለመሸሽ ወደ ግቢው ገባ፤ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ አጥሩ ጥግ ቆመ። እኛ ጀርባችንን ሰጥተነው ስለነበር አላየነውም።

እናቴ በአንሶላዎቹ መሀል ብቅ አለች። ክንዷ ላይ ያልታጠፈ አንሶላ ይዛለች። እኛን ልታይ የመጣችው ሴት፣ በእኔና በአባዬ ትከሻ መሀል አሻግራ አየች። ዓይኗ እዚያው ቀረ። ፊቷ ላይ የወጣውን ብርሃን ምን ብዬ ልንገራችሁ? እናቴን እንደዚያ ቆንጆ ሆና አይቻት አላውቅም።

"ሚኪ!" አለች። "ሚኪዬ! መጣህልኝ!"

አንሶላውን ለቀቀችው። በመሀላችን ገፍታን ሮጠች። አንድ ጫማዋ ወለቀ። አባዬ፣ "አበሩ! አበሩ!" እያለ እጁን ዘረጋ፤ አልደረሰባትም። ሃምሳ አለቃው ድምፅ ሰምቶ ሲዞር እሷ ደርሳ ተጠምጥማበታለች። ፊቷን ደረቱ ላይ ቀብራ ዩኒፎርሙን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ "ከሳህ፣ ከሳህ እኮ" ትለዋለች።

እሱ አይደለሁም አላላትም። ምን ብሎ ይበላት? እጆቹን ዘርግቶ ቆሞ ቆየና ቀስ ብሎ አቀፋት። ዓይኑን ጨፍኖ እንባው በጉንጩ ይወርዳል።

ከዚያ ቀና ብላ አየችው።

ወዲያው አልለቀቀችውም። ፊቱን በእጇ ዳሰሰችው። "አንተ… ማን ነህ?"

"ጌትነት ነኝ እማማ።"

"ሚኪስ? እሱ ነው የላከህ?"

ወደ እኛ ዞረች። መጀመሪያ እኔን አየች፤ ፊቴን ማስቻል አልቻልኩም። ከዚያ አባዬን አየች፤ የሠርግ ኮቱን ለብሶ በሥራ ቀን እዚያ ቆሞ።

"አበሩዬ" አላት። "ልጃችን…"

"አትጨርሰው" አለች እናቴ። "ቶላ፣ በፈጠረህ አትጨርሰው።"

አልጨረሰውም። እስከ ዛሬም ቤታችን ውስጥ ያንን ዓረፍተ ነገር የጨረሰው ሰው የለም። እናቴ አንድ እግሯ ባዶ እንደሆነ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠች፤ ጓደኞቿ እየሮጡ መጡ፤ ጩኸቱ ሲነሳ የሆቴሉ እንግዶች በየበረንዳቸው ወጡ። ሽማግሌ የለም፣ ጠዋት የለም፣ ዘመድ የለም። እናቴ መርዶዋን የሰማችው ካቀፈችው በኋላ ነው። እኔን እስከ ዛሬ የሚቆርጠኝ እሱ ነው።

ሰፈራችን ድንኳን ተተከለ። የጅቡቲ መንገድ ሹፌሮች መኪናቸውን መንገድ ዳር እያቆሙ እየገቡ አለቀሱ። ሰሚራ በየቀኑ መጣች፤ ስለ ክርክሩ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም፤ ውሃ ትቀዳለች፣ ሰሃን ታጥባለች፣ ሲመሽ ትሄዳለች። ሃምሳ አለቃውም ፈቃድ ጠይቆ ከአባቴ ጎን ተቀመጠ። ከዘመዶቻችን መጀመሪያ ላይ ዓይኑን ማየት የጠሉ ነበሩ። እናቴ ናት፣ "ለእሱም ምግብ ስጡት" ያለችው። አንድ ቀን አጠገቧ ጠርታው ስለ መቃብሩ ስትጠይቀው ሰማሁ።

"ጥላ አለው?"

"አለው እማማ። ግራር ሥር ነው።"

"ይሁን" አለች።

ከለቅሶው በኋላ የወላጅ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሁለቱም ወገኖች አባቴን ፈለጉት። ይከልከል የሚሉት፣ የሱ ሐዘን ያሸንፍልናል ብለው፤ ይፈቀድ የሚሉት ደግሞ፣ የጀግና አባት ነው ብለው። ሄደ፤ እኔም አብሬው ሄድኩ። ሲናገር ለሁለቱም አልሆነላቸውም።

"ልጄን ማንም አልሰረቀኝም" አለ። "በእግሩ ነው የሄደው። ጓደኛውን አድኖ ነው የሞተው። ይሄንን ማንም አያሳንስብኝ። ግን ልጄን እዚህ ያስገባሁት እንዲማር ነበር። እዚህ ልጅ ሲሳሳት መምህር ያርመዋል፤ ሲወድቅ ሌላ ዓመት ይፈተናል። የዚያኛው ፈተና ሌላ ዓመት የለውም። ስለዚህ መልማዮቹ ከበሩ ወዲያ ይጠብቁ። ልጁ ትምህርቱን ጨርሶ ይውጣ፣ ይጎልምስ፣ ከእናት ከአባቱ ይማከር። ከዚያ ልሂድ ካለ እንደኔ ግንባሩን ስሞ የሚሸኘው አባት አያጣም።"

ኮሚቴው ወደ ግቢ እንዳይገቡ ወሰነ። አሸነፍን ብሎ ያጨበጨበ አልነበረም። ሞንታርቦዋ እንደገና ከበር ውጭ ቆመች፤ ብዙም ሳይቆይ ከእኔ ክፍል ልጆች የተመዘገቡ ነበሩ። ሁለቱን በደንብ አውቃቸዋለሁ። አንደኛው ሲሄድ ቤታችን መጥቶ እናቴን ተሰናበታት። ሃምሳ አለቃ ጌትነት ግን ከዚያ ወዲያ ወደ ምልመላ አልወጣም፤ አለቆቹን ለምኖ ወደ ሌላ ሥራ ተዛወረ። አባቴንም ቃሉን ጠብቆ ግራሩ ሥር ወሰደው። አባዬ ከዚያ ሲመለስ ያየውን አልነገረንም፤ በማግሥቱ ሱቁን ከፈተና ጎማ መለጠፍ ጀመረ።

እኔ ከዚያ ቀን በኋላ ክርክር ተወዳድሬ አላውቅም። ፈርቼ አይደለም። ያን ጊዜ ሐሳብ ማለት በዕጣ የሚደርስ፣ በድምፅ የሚረታ ነገር ይመስለኝ ነበር። አሁን የዶርም ጓደኞቼ፣ "አንቺስ የቱ ጋ ነሽ?" ሲሉኝ እንደ ድሮው ቶሎ አይመጣልኝም። ተማሪ በሚማርበት ግቢ ውስጥ ምልመላ መግባት የለበትም እላለሁ፤ በዚህ አባቴን እከተላለሁ። የሚሄደውን ልጅ ግን አልንቀውም፤ በሚሄዱት ላይ የሚቀልድ ሰው ካለም ከመካከላቸው ተነስቼ እወጣለሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከየትኛውም ወገን ሁኑ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሊወስዱ የሚመጡ ሰዎች በራችንን አያጡትም። ሊነግሩን ሲሆን ለምን ይጠፋቸዋል? በመቂ፣ በሞጆ፣ በመተሐራ፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር ከመቀመጫዋ የምትነሳ እናት ዛሬም አለች። ከእናንተ መካከል የዚያችን እናት ልጅ ያየ፣ አብሮት የነበረ፣ ወይም የቀበረው ካለ፣ ሌላ ሰው ነግሯታል ብሎ አይተው። ሃምሳ አለቃው የተናገረው ተነግሯቸዋል ብሎ ነው፤ ሌላው ደግሞ ተነግሯቸዋል ብሎ ዝም ይላል። ሂዱ። በጠዋት ሂዱ፤ ሽማግሌ ይዛችሁ፣ ዩኒፎርማችሁን አውልቃችሁ ሂዱ።

እናቴ በነዚህ ዓመታት በሐዘን ብዛት ያልተናገረችው የለም። እግዚአብሔርን ተቀይማለች፤ አባዬን ተቆጥታለች፤ ያቺን ቀን ረግማለች። ባላወቅሁ ይሻለኝ ነበር ስትል ግን አንድም ቀን አልሰማኋትም።